ኪንግስ ማውንቴን ላይ ያሸነፈው ጠመንጃ ብቻውን አልነበረም

አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት 250ኛ ዓመት እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2026 ላይ ይውላል (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንዲህ ያለ ክብረ በዓል በመጣ ቁጥር አቧራው ተራግፎ የሚወጣ አንድ ምስል አለ፤ የአጋዘን ቆዳ የለበሰ የጠረፍ ገበሬ፣ ረጅም ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፎ፣ ቀይ ለባሹን የእንግሊዝ መኮንን በአንድ ጥይት ሲጥል። ዳንኤል ቡን፣ ዳንኤል ሞርጋን፣ ጆን ሴቪየር፣ አይዛክ ሼልቢ፣ ጆርጅ ሮጀርስ ክላርክ፣ እነዚህ የነጻነት ጦርነቱ ዘመን የጠረፍ መሪዎች ሁሉም በዚህ ምስል ውስጥ ይገባሉ። ምስሉ ለፖለቲካም ይመቻል። የታጠቀ ገበሬ ያለው አገር መደበኛ ሠራዊት አያሻውም የሚለው ክርክር እዚያ በተነሣ ቁጥር ለምስክርነት የሚጠሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። የምለው፣ በ1780 ኪንግስ ማውንቴን በተባለው ኮረብታ ላይም ሆነ በሌላ ቦታ የዋሉበትን ጦርነት ሰዓት በሰዓት ለተከተለው ሰው ምስክርነታቸው ከዚህ ክርክር ጋር አይገጥምም ነው። የጠረፉ ተዋጊ ያሸነፈው ባሩዱን የሚሠራ፣ ስንቁን የሚከፍል ሰው፣ ድክመቱንም የሚያውቅ አዛዥ ሲያገኝ ነው። እነዚህ በጎደሉበት ቀን ያው ሰው፣ በዚያው ጠመንጃ፣ ክፉኛ ተመትቷል። በዚያ ላይ የተዋጋው ለመሬት ነበር፤ መሬቱ ደግሞ ባለቤት ነበረው።

ከጠመንጃው እንጀምር። ረጅሙ ጠመንጃ ጫካ ውስጥ አልተሠራም። የሠሩት ፔንሲልቬንያ ውስጥ በላንካስተር አካባቢ የሰፈሩ ጀርመናውያን ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው፤ ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን አጭርና ወፍራም የአደን ጠመንጃ አስረዘሙት፣ አቀጠኑት። አፈሙዙ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ይረዝማል፤ የቀዳዳው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰደፉ ከሜፕል እንጨት ይሠራል፤ ጠቅላላ ክብደቱ 4 ኪሎ አካባቢ ነው። ዋናው ነገር በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች ናቸው። ጥይቷ በቦዮቹ ተይዛ እየሾረች ስለምትወጣ መንገዷን አትስትም። የእንግሊዝ እግረኛ የሚይዘው ሙስኬት ግን ውስጡ ልሙጥ ነው። ቀዳዳው 19 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጥይቱ ከዚያ ስለሚያንስ ከግራ ቀኝ እየተላተመ ይወጣል፤ ከ80 ወይም ከ90 ሜትር በላይ አንድን ሰው ለይቶ መምታት የዕድል ጉዳይ ነው። ረጅሙ ጠመንጃ በጥሩ ተኳሽ እጅ 180 ሜትር ላይ ሰው ይጥላል።

እስከዚህ ድረስ ምስሉ ትክክል ነው። ምስሉ የሚዘለው አጎራረሱን ነው። ተኳሹ ከቀንዱ 5 ግራም ያህል ባሩድ ለክቶ በአፈሙዙ ይጨምራል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሞራ የተቀባ ጨርቅ ያነጥፋል፤ በላዩ ላይ ድብልብሏን የእርሳስ ጥይት ያስቀምጣል፤ ከዚያ በእንጨት ዘንግ እየገፋ ባሩዱ ላይ እስክታርፍ ድረስ ያወርዳታል። ጨርቁ ቦዮቹን ጥርቅም አድርጎ ስለሚይዝ ጉልበት ይጠይቃል፤ ቸኩሎ መሐል ላይ ካስቀራት አፈሙዙ ሊፈነዳበት ይችላል። ቀጥሎ በጠመንጃው ጎን ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ደቃቅ ባሩድ ነስንሶ ክዳኗን ይዘጋል፤ ባልጩት የነከሰውን መዶሻ ወደ ኋላ ይስባል። ማነጣጠር የሚችለው ያኔ ነው። ይህ ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። የሠለጠነ የሙስኬት ወታደር በዚያች ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል።

ብልሽቱም ብዙ ነው። ከጥቂት ተኩስ በኋላ የባሩዱ ጥቀርሻ ቦዮቹን ስለሚሞላ ጥይቷ አልወርድም ትላለች። ባልጩቱ ሲዶለዱም ብልጭታ ይጠፋል። ከሳህኗ ወደ ውስጥ የምትወስደው ቀዳዳ ስትደፈን የላዩ ባሩድ ቦግ ብሎ የውስጡ ዝም ይላል። ዝናብ ከጣለማ የሳህኗ ባሩድ ይረጥባል። ከሁሉ የከፋው ግን ሳንጃ የማይሰካበት መሆኑ ነው። ተኩሰህ ጨርሰህ ጥይት እያወረድክ ሳለ ሳንጃ የወደረ ሰልፍ በሩጫ ቢመጣብህ ያለህ አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ትሸሻለህ፣ ወይ ጠመንጃህን እንደ ዱላ ትጠቀማለህ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የጦር ግምጃ ቤት ኃላፊ ቶሎ የሚገባው። እያንዳንዱ ጠመንጃ በእጅ የተሠራ ስለሆነ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው አይገጥምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተኳሽ ከጠመንጃው ጋር የራሱን የጥይት ማቅለጫ ቅርጽ ይዞ ይዞራል፤ እርሳሱን ማታ እሳት ዳር አቅልጦ የራሱን ጥይት ያወጣል። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 40 ጥይት ገደማ ይገኛል። ሺህ ሰው ለማስታጠቅ አንድ ዓይነት ጥይት በሣጥን መላክ አይቻልም ማለት ነው። እርሳሱ ከደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ የቺስዌል ማዕድን ይመጣ ነበር፤ የንጉሡ ወገኖች ማዕድኑን እንዳይዙት ጥበቃ ሲደረግለት ነበር የከረመው።

ባሩዱስ? እዚህ ላይ ስማቸው በአደባባይ ሐውልት ላይ እምብዛም የማይታይ ሁለት ሰዎች አሉ። ሜሪ ፓተን የባሩድ ሥራን ከቤተሰቧ የተማረች፣ ከእንግሊዝ ወደ ፔንሲልቬንያ የመጣች ሴት ነበረች። ከባሏ ጋር ተራራውን ተሻግራ ዛሬ ቴነሲ በሚባለው ምድር፣ በዋታውጋ ወንዝ አካባቢ የባሩድ ወፍጮ አቋቋመች። ባሩድ በክብደት 75 በመቶ ናይትሬት ጨው፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ናይትሬቱ ከዋሻ አፈር ወይም ከበረት ግርጌ አፈር ይወጣል፤ አፈሩ በውሃ ይጠለላል፣ አመድ ይጨመርበታል፣ ውሃው ፈልቶ ጨው እስኪሠራ ይጠበቃል። ሦስቱ ለየብቻ ይፈጫሉ፤ ከዚያ እርጥብ ሆነው በአንድነት ይወቀጣሉ፤ ሊጡ በወንፊት ተድጦ ጥራጥሬ ይሆንና ከእሳት ርቆ ይደርቃል። በደረቁ የወቀጠ ራሱንም ወፍጮውንም ያጣል። ከመጠን በላይ ያደቀቀው ደግሞ እርጥበት የሚስብ፣ እየተጋገረ የማይነድ ባሩድ ያተርፋል። ሜሪ ፓተን በ1780 መኸር 500 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 227 ኪሎ ባሩድ ወደ ኪንግስ ማውንቴን ለዘመቱት ሰዎች አቀረበች። ሺህ ለሚሆኑ ሰዎች ሲካፈል ለአንድ ሰው 40 ተኩስ አካባቢ ይደርሰዋል። እዚያ ጦርነት ላይ የተተኮሰውን ለማሰብ ከዚህ ቁጥር መነሣት ነው።

ሁለተኛው መንክ ኤስቲል ነው፤ ኬንታኪ ውስጥ በባርነት የተያዘ ጥቁር ሰው። ቡንስቦሮ ምሽግ ውስጥ ለሰፋሪዎቹ ባሩድ የሚሠራው እሱ ነበር። በ1782 ጌታው በውጊያ ሲገደል መንክ ከጠላት እጅ አምልጦ የቆሰለ ነጭ ጓደኛውን ለብዙ ኪሎ ሜትር ተሸክሞ ምሽግ አገባው። በዚህም ነጻ ወጣ። በኬንታኪ ነጻነቱን ያገኘ የመጀመሪያው ባሪያ እንደሆነ ይነገርለታል። የነጻነት ጦርነት እየተባለ በሚጠራው ጦርነት ውስጥ ነጻነት በእንዲህ ያለ ዋጋ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በችሮታ ትሰጥ እንደነበር ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ዘመቻው። በ1780 የእንግሊዝ ጦር ቻርልስተንን ይዞ ወደ ሰሜን እየገፋ ነበር። ሜጀር ፓትሪክ ፈርጉሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ መኮንን የጄኔራል ኮርንዋሊስን የግራ ክንፍ እንዲጠብቅ ተመደበ። ከተራራው ማዶ ላሉት ሰፋሪዎች በምርኮኛ እጅ መልእክት ሰደደባቸው፤ አርፋችሁ ካልተቀመጣችሁ ተራራውን ተሻግሬ መጥቼ መሪዎቻችሁን እሰቅላለሁ፣ አገራችሁን በእሳትና በሰይፍ አጠፋለሁ የሚል። ከዚህ የበለጠ ቀስቃሽ አዋጅ ማንም ሊያስነግርላቸው አይችልም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በባሕሩ ዳርቻ የሚካሄደው ጦርነት ለብዙዎቹ የሩቅ ወሬ ነበር፤ ፈርጉሰን ቤታቸው ደጃፍ አደረሰላቸው።

ሴፕቴምበር 25 ቀን 1780 ሲካሞር ሾልስ በተባለው የዋታውጋ ወንዝ መሻገሪያ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ የሼልቢና የሴቪየር ሰዎች፣ ከቨርጂኒያ ደግሞ የዊልያም ካምቤል 400 ሰዎች። ገንዘብ አልነበራቸውም። ሼልቢና ሴቪየር የሰሊቫን አውራጃ የመሬት ሽያጭ ሰብሳቢ የነበረውን ጆን አዴርን ጠይቀው ከ12,000 ዶላር የሚበልጥ የመንግሥት ገንዘብ በራሳቸው ዋስትና ወሰዱ። የመሬት ሽያጭ ገንዘብ መሆኑን እንያዘው፤ እመለስበታለሁ።

ሠረገላ አልያዙም፤ መድፍም፣ ድንኳንም፣ ሐኪም ቤትም የለም። እያንዳንዱ ሰው በፈረሱ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ የበቆሎ ቆሎውን በከረጢት ይዞ። ስንቁን ራሱ ይዞ መዝመት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ አድዋ የዘመተው ገበሬም በአገልግሉና በስልቻው ነው የሄደ። የእነዚህም ጥንካሬ ፍጥነቱ፣ ድካማቸው ደግሞ ስንቁ ሲያልቅ ዘመቻውም ማለቁ ነው። መጀመሪያ ላይ ለምግብ ብለው የቀንድ ከብት ይነዱ ነበር፤ ከብቱ ስላዘገያቸው ጥቂቱን አርደው ሌላውን ተዉት። የየሎው ማውንቴንን መተላለፊያ የተሻገሩት በረዶ ላይ ነው። እዚያው አካባቢ ሁለት ሰዎች ከድተው ሄደው ለፈርጉሰን ነገሩት። ከተራራው ወዲህ የቤንጃሚን ክሊቭላንድና የጆሴፍ ዊንስተን የሰሜን ካሮላይና ሰዎች ሲጨመሩ ቁጥራቸው ወደ 1,400 ደረሰ።

ውጊያውን የወሰነው ውሳኔ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተወሰነው ኦክቶበር 6 ማታ ካውፔንስ በተባለ የከብት ማጎሪያ መስክ ላይ ነው። ፈርጉሰን ወደ ቻርሎት፣ ወደ ዋናው ጦር እየተጠጋ መሆኑን ሰሙ። በሙሉ ኃይል ቢከተሉት አይደርሱበትም። ስለዚህ ፈረሱ የጠና፣ ጠመንጃው የተሻለ ሰው ተመረጠ፤ 900 ያህል። የቀረው በእግሩና በደከመ ፈረስ ከኋላ ይከተል ተባለ። ከኃይላቸው ከሲሶ በላይ የሆነውን በገዛ ፈቃዳቸው ጥለው፣ ጠላት በቁጥር እንደሚበልጣቸው እያወቁ ሄዱ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ነበር። ሰዎቹ ብርድ ልብሳቸውንና የአደን ሸሚዛቸውን አውልቀው የጠመንጃቸውን ቃታ ጠቀለሉበት። ራሳቸው ረጠቡ፤ ባሩዱ ደረቀ። ንጋት ላይ ብሮድ ወንዝን ተሻገሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከኮረብታው ግርጌ ደረሱ።

ኪንግስ ማውንቴን ተራራ ይባል እንጂ ከዙሪያው መሬት 18 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ጉብታ ነው። ርዝመቱ 550 ሜትር አካባቢ ነው፤ አናቱ በጠባቡ በኩል 18፣ በሰፊው በኩል 36 ሜትር ገደማ። አናቱ ራቁቱን፣ ጥጉ ደግሞ በትላልቅ ዛፎች የተሸፈነ። ፈርጉሰን እዚያ 1,100 ያህል ሰው ይዞ ነበር። ጉድጓድ አልቆፈረም፤ እንጨት ቆርጦ አጥር አላጠረም። ለምን? ሳንጃውን ስለተማመነ ይመስለኛል። የሠለጠኑት የክፍለ ሀገር ወታደሮቹ ሳንጃ ነበራቸው፤ የሌላቸው ሚሊሻዎች የቢላዋ እጀታ ጠርበው አፈሙዛቸው ውስጥ እንዲሰኩ አድርጓል።

የታሪክ ምፀት ማለት ይህ ነው፤ በኮረብታው ላይ ስለ ጠመንጃ ከፈርጉሰን የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከኋላ የሚጎርስ፣ የቃታ ጠባቂውን አንድ ዙር በማዞር የሚከፈት ጠመንጃ ፈልስፎ በ1776 በዝናብና በነፋስ መሐል በደቂቃ እስከ ስድስት ጊዜ እየተኮሰ ለባለሥልጣናት አሳይቶ ነበር። 100 ያህል ብቻ ተሠራ። ውድ ነበር፤ ሰደፉም በቃታው ቦታ ይሰነጠቅ ነበር። በ1777 ብራንዲዋይን ላይ ፈርጉሰን የቀኝ ክርኑን ሲመታ ልዩ ጓዱ ተበተነ። ኪንግስ ማውንቴን ላይ በግራ እጁ ሰይፍ ይዞ፣ የብር ፉጨቱን እየነፋ፣ ሙስኬት ለያዙ ሰዎች ሳንጃ አዘዘ።

ዘማቾቹ ኮረብታውን ዙሪያውን ከበቡት። ሁለቱም ወገን የዘወትር ልብስ ስለለበሰ ለመለያ እነዚህ ባርኔጣቸው ላይ ነጭ ወረቀት፣ እነዚያ የጥድ ቅጠል ሰኩ። የጠረፉ አዛዦች ሰዎቻቸውን እያንዳንዱ የራሱ መኮንን ይሁን አሏቸው፤ ትእዛዝ አትጠብቁ፣ ቶሎ ቶሎ ተኩሱ፣ ካልቻላችሁ ከዛፍ ወደ ዛፍ አፈግፍጉ፣ ጨርሳችሁ ግን አትሽሹ። ከላይ በሳንጃ ሲወርዱባቸው የካምቤልና የሼልቢ ሰዎች ቁልቁል ሮጡ። ከግርጌው ጎረሱ፤ የሳንጃው ሰልፍ ወደ አናቱ ሲመለስ ከኋላው እየተኮሱ ተከተሉት። ይህ ሦስት ጊዜ ያህል ተደጋገመ። ሳንጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲወርድ በሌላው ወገን ያሉት ይወጣሉ። ቁልቁል የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ከዒላማው በላይ ይሄድበታል፤ ከዛፍ ጀርባ ላለ ሰው ደግሞ በራቁቱ አናት ላይ ሰማይን ተደግፎ የቆመ ሰልፍ ቀላል ግዳይ ነው። ዘገምተኛው አጎራረስ እዚህ አልጎዳቸውም፤ ዛፉና ቁልቁለቱ ጊዜ ሰጥቷቸዋል። በ65 ደቂቃ አለቀ። ፈርጉሰን በብዙ ጥይት ተመትቶ ከፈረሱ ወደቀ። ከዘማቾቹ 28 ሞቱ፣ 62 ቆሰሉ። ከፈርጉሰን ጦር ከ150 በላይ ሞተዋል፤ ወደ 700 የሚጠጉ ተማረኩ።

ከፈርጉሰን በስተቀር እዚያ ኮረብታ ላይ የተዋጋው ሁሉ፣ በሁለቱም ወገን፣ አሜሪካዊ ነበር ማለት ይቻላል። ነጭ ጨርቅ ከተውለበለበ በኋላም ተኩሱ ለጥቂት ጊዜ አልቆመም፤ በዚያው ዓመት ዋክስሆስ ላይ እጅ የሰጡ ወገኖቻችን ተጨፍጭፈዋል በሚል ቂም። ከሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 14፣ በችኮላ ችሎት ከምርኮኞቹ ከ30 በላይ በሞት ተፈረደባቸውና ዘጠኙ በችቦ ብርሃን ተሰቀሉ። እንሰቅላችኋለን ተብለው የዘመቱ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራቸው መስቀል ሆነ። ምርኮኞቹን የሚጠብቅ ወታደር ስላልነበረ ከቀሩት አብዛኞቹ አመለጡ። ዘማቾቹም ወደ ቤታቸው ተበተኑ። ድሉ ኮርንዋሊስን ከቻርሎት ወደ ዊንስቦሮ አስመልሶታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያ ላይ ተከታትሎ የሚመታው ጦር አልነበረም። ኪንግስ ማውንቴን የሚነግረን ይህንንም ነው።

ይህን የጠረፍ ተዋጊ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል የገባው ዳንኤል ሞርጋን ነበር። ጋሪ ነጂ ነበር፤ በወጣትነቱ የእንግሊዝ መኮንን በመምታቱ ተገርፏል። በ1775 ከቨርጂኒያ ተኳሾቹን ይዞ 600 ማይል በ21 ቀን ተጉዞ ቦስተን ደጃፍ ደርሷል። እዚያ የተሰበሰቡት ተኳሾች ግን ለጦሩ ዋና አዛዥ ለዋሽንግተን ራስ ምታት ሆኑ። ከርቀት የማይደርስ ተኩስ እየተኮሱ ያለችውን ጥቂት ባሩድ ፈጁ፤ ካምፕ መጥረግ አንፈልግም አሉ፤ በሴፕቴምበር የፔንሲልቬንያዎቹ የታሰረ ጓዳቸውን ለማስፈታት አመፁና 33ቱ እያንዳንዳቸው 20 ሺሊንግ ተቀጡ። በ1777 ሳራቶጋ ላይ ሞርጋን 500 ተኳሽ ሲሰጠው 300 ሳንጃ ያላቸው የዲርቦርን ቀላል እግረኞች አብረው ተመደቡለት። ያ የተደረገው ለጌጥ አይደለም። ፍሪማን እርሻ ላይ ተኳሾቹ የእንግሊዝን መኮንኖች ለቅመው ከጣሉ በኋላ በስሜት ወደፊት ሮጠው ከዋናው ሰልፍ ጋር ተላተሙና ተበተኑ፤ ሞርጋን በዱር ዶሮ መጥሪያ ፉጨቱ ነው መልሶ የሰበሰባቸው።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1781 እዚያው ካውፔንስ ላይ፣ ሞርጋን ትምህርቱን ሁሉ በአንድ ቀን አዋለው። ከፊት 150 ያህል ተኳሾች፤ ከኋላቸው የአንድሩ ፒከንስ ሚሊሻ፤ ከዚያ ኋላ በጉብታ ላይ የሆዋርድ መደበኛ እግረኞች ከነሳንጃቸው፤ ከጉብታው ጀርባ ፈረሰኛ። ሚሊሻውን እስከ ሞት ተዋጉ አላላቸውም። ሁለት ጊዜ አነጣጥራችሁ ተኩሱ፣ መኮንኖቹን ምቱ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ አላቸው። እንደሚሸሹ ስለሚያውቅ ሽሽቱን የዕቅዱ አካል አደረገው፤ ብሮድ ወንዝንም ሆን ብሎ ከጀርባቸው አደረገ፣ ከሸሹም ሩቅ እንዳይሄዱ። የእንግሊዙ አዛዥ የታርልተን 1,100 ሰዎች ሚሊሻው የተበተነ መስሏቸው ሰልፋቸውን አፍርሰው ሮጡና ከሆዋርድ ሳንጃ ጋር ተጋጩ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ100 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ተማረኩ። ስለ ጠረፉ ተዋጊ አንድ ቀን ብቻ ይተረክ ቢባል እኔ ከኪንግስ ማውንቴን ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ተቃራኒውን የሚያሳየው ብሉ ሊክስ ነው። ኦገስት 19 ቀን 1782፣ የኮርንዋሊስ ጦር ዮርክታውን ላይ እጅ ከሰጠ አሥር ወር ሆኖታል፣ 182 የኬንታኪ ሰዎች የሾኒና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎችን ከጥቂት የእንግሊዝ ወገን ሰዎች ጋር እያሳደዱ ሊኪንግ ወንዝ ደረሱ። ቤንጃሚን ሎጋን ከ400 በላይ ሰው ይዞ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ከኋላ እየመጣ ነበር። ዳንኤል ቡን ዱካው እጅግ ግልጽ መሆኑን አይቶ ደፈጣ አለ፣ ሎጋንን እንጠብቅ አለ። ሂዩ ማክጋሪ የተባለ ሰው ፈሪ ያልሆነ ይከተለኝ ብሎ ፈረሱን ወንዙ ውስጥ ነዳ። ተከተሉት። ዳገቱ ላይ ጠላት በሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃቸው ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ የቡን ልጅ እስራኤልም አንዱ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መኮንን ይሁን የተባለበት ጦር አንድ ጉረኛ ሲያንቀሳቅሰው ይህ ነው ውጤቱ። ተኩሳቸው አልተበላሸም፤ ያጡት የሚያስቆማቸውን ሰው ነው።

ወደ መሬቱ ልመለስ። የእንግሊዙ ንጉሥ በ1763 ከአፓላቺያን ተራሮች በስተምዕራብ ሰፋሪ እንዳይሰፍር በአዋጅ ከልክሎ ነበር። የአዋጁ ቀን ኦክቶበር 7 ነው፤ ኪንግስ ማውንቴን የተዋጉበት ቀን ልክ 17ኛ ዓመቱ። ዋታውጋ ላይ የሰፈሩት ሰዎች ይህን አዋጅ ጥሰው የሰፈሩ ናቸው። ዘማቾቹ የተሰበሰቡበት ሲካሞር ሾልስ ደግሞ በማርች 1775 ሪቻርድ ሄንደርሰን የተባለ ባለሀብት 20 ሚሊዮን ኤከር የሚገመት መሬት ከቼሮኪ ሽማግሌዎች በ10,000 ፓውንድ በሚገመት ሸቀጥ ገዛሁ ያለበት ቦታ ነው። ድራጊንግ ካኑ የተባለው የቼሮኪ መሪ ሽያጩን አልቀበልም ብሎ ወጥቶ ጦር አነሣ። ቡን በዚያ ግዢ መሠረት መንገድ የቆረጠው ለሄንደርሰን ተቀጥሮ ነው። ሴቪየር ከኪንግስ ማውንቴን ተመልሶ ገና ሳያርፍ፣ በዲሴምበር 1780፣ ቦይድስ ክሪክ ላይ ከቼሮኪ ጋር ተዋጋ፤ ከዚያም የቼሮኪ መንደሮች ተቃጠሉ። ዘመቻው የተከፈለበት የመሬት ሽያጭ ገንዘብም ከዚሁ ምድር የመጣ ነው። ፈርጉሰን አገራችሁን በእሳት አጠፋለሁ ሲል የፈሩት ነገር፣ ቼሮኪዎች ላይ እነሱ ያደረጉት ሆነ። የበዓሉ ንግግሮች ይህን ዓረፍተ ነገር ዘለው የሚያልፉት ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ተቀባይነት ግን የለውም።

መሬቱ ለራሳቸውም ቢሆን እንዲሁ በቀላሉ አልሆነላቸውም። ቨርጂኒያ በ1779 ባወጣችው ሕግ ከ1778 በፊት የሰፈረ ሰው 400 ኤከር፣ በተጨማሪም 1,000 ኤከር የመግዛት ቅድሚያ ያገኛል። ለዚህ አራት ነገር ያስፈልጋል፤ የይገባኛል ወረቀት፣ በመዝገብ ማስገባት፣ ማስለካት፣ በመጨረሻ የመንግሥት የባለቤትነት ሰነድ። ችግሩ ቅየሳው ወጥ ፕላን አልነበረውም። ወሰን የሚነገረው ከዚህ ዋርካ ከሚያህል ዛፍ እስከዚያ ጅረት እየተባለ ነው፤ ዛፉ ሲወድቅ ወሰኑም ይወድቃል። አንዱ ቦታ በሦስት አራት ሰው ስም ይመዘገባል፤ ጠበቃ መያዝ የቻለ ከተማ ያለ ሰው ያሸንፋል። ቡን ራሱ ቀያሽ ነበር፤ ብዙ ወሰን ከለለ፣ ብዙዎቹ በፍርድ ቤት ፈረሱ፣ ካሳው በእሱ ላይ ወደቀ። ክላርክ ደግሞ በ1779 በጎርፍ ውስጥ ተጉዞ ቪንሴንስን ለያዘበት ዘመቻ ለስንቅ በስሙ ፈርሞ ነበር፤ ቨርጂኒያ ገንዘቡን ሳትተካለት አበዳሪዎቹ ዕድሜውን ሙሉ ያገኘውን መሬት ወሰዱት።

የቡን ዝና የወጣው በ1784 የኬንታኪን መሬት ለገዢ ለማስተዋወቅ በታተመ መጽሐፍ ነው። በ1799 ግን ቡን ኬንታኪን ጥሎ፣ አሜሪካንም ጥሎ፣ በስፔን ንጉሥ ግዛት ሥር ወደነበረችው ሚዙሪ ተሻገረ። ስፔኖች መሬትና የዳኝነት ሹመት ሰጡት። አሜሪካ በ1803 ያን አገር ስትገዛ የመሬት ኮሚሽኑ ሰነድህ ያልተሟላ ነው ብሎ ይገባኛል ባይነቱን ሰረዘበት። ኮንግረስ በ1814 መሬቱን መለሰለት፤ አብዛኛውን ሸጦ የኬንታኪ አበዳሪዎቹን ከፈለበት።